የቤት ኢንስፔክተር ፈተና፦ ስንጥቁን ማየት ብቻ አያሳልፍም

በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ቤዝመንት፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው የቤቱ ክፍል፣ ወርዳችኋል። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ከወለሉና ከኮርኒሱ መሃል ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ አግድም ስንጥቅ ይታያል። ግድግዳው ወደ ውስጥ ትንሽ ሆድ አውጥቷል። ምክንያቱ የትኛው ነው? ሀ. ሲሚንቶው ሲደርቅ መኮማተሩ። ለ. ቤቱ በአንድ ወገን መስመጡ። ሐ. ከውጭ ያለው አፈር ግድግዳውን መግፋቱ። መ. የላይኛው ፎቅ ክብደት።

መልሱ ሐ ነው። ውሃ የጠጣ አፈር ይከብዳል። አንዳንዱ አፈር ያብጣል። በክረምት ውሃው በረዶ ሲሰራ ደግሞ ግፊቱ ይብሳል። ግድግዳው ከታች በወለሉ፣ ከላይ በፎቁ ተይዟል። ስለዚህ የሚሸነፈው መሃሉ ነው። ሲሚንቶ ሲደርቅ የሚመጣው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭንና ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ቤት ሲሰምጥ ደግሞ ስንጥቁ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ እንደ ደረጃ ይወጣል።

ልብ በሉ፣ ጥያቄው ስንጥቅ መኖሩን አልጠየቀም። ማን እንደገፋው ነው የጠየቀው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ኢንስፔክተር ለመሆን የሚሰጠው ፈተና ጠባዩ ይኸው ነው። ቁጥርና ስም ሸምድዶ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝና ክብደት በቤቱ ውስጥ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ የገባው ሰው ግን አይቶት የማያውቀውን ጥያቄ እንኳ ይመልሳል።

ሥራው ምን እንደሆነ ባጭሩ ልበል። ቤት የሚገዛ ሰው ውሉን ከመዝጋቱ በፊት ኢንስፔክተር ይቀጥራል። ኢንስፔክተሩ ጥቂት ሰዓት ወስዶ ከጣራ እስከ መሠረት ያያል፤ ያየውን ጽፎ ይሰጣል። አይጠግንም። የቤቱን ዋጋ አይተምንም። "ግዛው" ወይም "ተወው" አይልም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ነጥብ የሚያስጥለን እሱ ነው።

የትኛው ፈተና?

አሜሪካ ውስጥ ለሁሉም የሚሰራ አንድ ሕግ የለም። ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ደንብ አለው። ኒውዮርክ 140 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ 40ው ሰዓት በእውነተኛ ቤት ላይ፣ ባለፈቃድ ኢንስፔክተር እያየ የሚሰራ ነው። ኢሊኖይ 60 ሰዓት ትምህርት ይላል፤ የመስክ ልምምድም ያክላል። ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ ደግሞ የስቴት ፈቃድ አይጠይቁም። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የስቴታችሁን ደንብ አንብቡ። ጎረቤት ስቴት ያለ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ለእናንተ ላይሰራ ይችላል።

ፈቃድ የሚጠይቁት አብዛኞቹ ስቴቶች የሚቀበሉት አንድ ፈተና አለ። ስሙ ናሽናል ሆም ኢንስፔክተር ኤግዛሚኔሽን ነው። ባለሙያዎቹ ባጭሩ ኤንኤችአይኢ ይሉታል። አንዳንድ ስቴት፣ ለምሳሌ ቴክሳስ፣ በዚህ ላይ የራሱን ሕግ የሚመለከት ተጨማሪ ክፍል ይፈትናል።

ከዚህ ሌላ የሙያ ማኅበራት የመግቢያ ፈተና አለ። በ1976 የተመሠረተው አሺ አንዱ ነው። ኢንተርናቺ የሚባለው ሌላው ነው። የኢንተርናቺ ፈተና በኢንተርኔት በነጻ የሚወሰድ ነው፤ 120 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 80 በመቶ ይፈልጋል። ራስን ለመለካት ግሩም ነው። ግን የማኅበር ፈተና ማለፍና የስቴት ፈቃድ መያዝ ለየቅል ናቸው። ሁለቱን ቀላቅሎ ቢዝነስ ካርድ ያሳተመ ሰው ችግር ውስጥ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የማወራው በዋናነት ስለ ብሔራዊው ፈተና ነው። የማኅበራቱ ፈተናም የሚያጠነጥነው በዚያው ዕውቀት ላይ ነው።

ቁጥሮቹ

200 የምርጫ ጥያቄ፣ 4 ሰዓት። ስናካፍለው ለአንድ ጥያቄ 72 ሰከንድ ይደርሳል። ከ200ው ውስጥ 25ቱ አይታረሙም። ወደፊት ለሚወጣ ፈተና እየተሞከሩ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አይነገርም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እንግዳ ከሆነባችሁ አትረበሹ። ምናልባት ከ25ቱ አንዱ ይሆናል። ባይሆንም መረበሹ አይጠቅምም።

ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው መለኪያ ይሰጣል። ማለፊያው 500 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። 500 ማለት 500 ጥያቄ አይደለም፤ መቶኛም አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። የፈተናው ቅጂ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ቅጂ ከሌላው ትንሽ ሊከብድ ይችላል። ከባዱ የደረሰው ሰው እንዳይበደል፣ ያገኘው ጥሬ ነጥብ ወደ አንድ የጋራ ሚዛን ይቀየራል። በከባዱ ቅጂ ትንሽ ያነሰ ጥያቄ መልሶ 500 ይደርሳል። በቀላሉ ቅጂ ደግሞ ትንሽ መጨመር አለበት። "ስንት ጥያቄ ብመልስ ነው የማልፈው?" ለሚለው አንድ ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

በስህተት መልስ ነጥብ አይቀነስም። ባዶ ትቶ መውጣት ሞኝነት ነው።

ይዘቱ ሦስት ክፍል አለው። ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ስለ ቤቱ አካላት ነው፦ ግቢው፣ ጣራው፣ መሠረቱ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ቧንቧው፣ ማሞቂያው፣ ማቀዝቀዣው። ሩብ የሚሆነው ያየኸውን እንዴት እንደምትተነትንና እንደምትጽፍ ነው። የቀረው የሙያ ሥነ ምግባርና ውል ነው።

ውሃ

ሁሉንም ለማጥናት ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ቢጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ውሃን አጥና እለዋለሁ። ቤት የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ውሃ ነውና።

ከላይ እንጀምር። የጣራ ክዳን፣ እነሱ ሺንግል የሚሉት፣ የላይኛው በታችኛው ላይ ተደርቦ ይቀመጣል። ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው። የላይኛው ከታችኛው ሥር ከገባ ውሃውን ወደ ቤት መራነው ማለት ነው። የአስፋልት ሺንግል በጣም ጠፍጣፋ ጣራ ላይ አይሆንም። በ12 ኢንች ርቀት ቢያንስ 2 ኢንች ከፍታ መኖር አለበት። ከ2 እስከ 4 ባለው ውስጥ ከሥሩ የሚነጠፈው ውሃ መከላከያ ድርብ መሆን አለበት። ለምን? ተዳፋቱ ሲያንስ ውሃው ይዘገያል። የዘገየ ውሃ በንፋስ ተገፍቶ ወደ ላይ ይመለሳል። ምክንያቱን ካወቃችሁ ቁጥሩ ራሱ አእምሮ ውስጥ ይቀራል።

ጣራ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ የፈተና ጥያቄ ነው። እዚያ ላሜራ መኖር አለበት፤ ፍላሺንግ ይሉታል። በተለይ የጣራው ጠርዝ ግድግዳ ላይ የሚያበቃበት ቦታ፣ ውሃውን ወደ አሸንዳው የሚገፋ ትንሽ የታጠፈ ላሜራ ያስፈልጋል። እሱ ከሌለ ውሃው አሸንዳውን ስቶ በግድግዳው ልባስ ጀርባ ይወርዳል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ውስጡ ያለው እንጨት ግን ይበሰብሳል።

ጣራው ጫፍ ላይ የሚጋገረው በረዶም ተወዳጅ ጥያቄ ነው። ከቤት የሚያመልጥ ሙቀት ጣራው ላይ ያለውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል። ውሃው ቁልቁል ይወርድና ከግድግዳው አልፎ የወጣው ቀዝቃዛ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንደገና ይጋገራል። ግድብ ሰራ ማለት ነው። ከኋላው የሚመጣው ውሃ መውጫ አጥቶ በሺንግሉ ሥር ወደ ቤት ይገባል። አሁን ጥያቄው፦ ዘላቂው መፍትሔ ምንድን ነው? በረዶውን መጥረቢያ ይዞ መስበር የሚል ምርጫ ይኖራል። አሸንዳውን መቀየር የሚልም ይኖራል። ትክክለኛው መልስ ግን ጣራው ሥር ያለውን የሙቀት መከላከያ ማጠናከር፣ አየር የሚያመልጥበትን ቀዳዳ መድፈንና ጣራው ሥር አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ነው። ችግሩ የታየው ጣራ ላይ ነው፣ መነሻው ግን ኮርኒሱ ላይ ነው።

ወደ መሬት እንውረድ። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከግድግዳው ርቆ በመጀመሪያዎቹ 10 ጫማ ቢያንስ 6 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። አሸንዳው ውሃውን እግሩ ሥር የሚያፈስ ከሆነ፣ ወይም መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ከሆነ፣ ውጤቱ መግቢያችን ላይ ያየነው አግድም ስንጥቅ ነው። ጣራው፣ አሸንዳው፣ አፈሩና ቤዝመንቱ የአንድ ውሃ መንገድ ናቸው። ፈተናው ምልክቱን ቤዝመንት ውስጥ አሳይቶ ምክንያቱን ውጭ ይደብቃል።

የፍሳሽ ቧንቧም እንዲሁ። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ጎባጣ ቧንቧ፣ ሲፎኑ፣ ውሃ ይዞ የሚቆየው በከንቱ አይደለም። ከ2 እስከ 4 ኢንች የሚሆነው ውሃ የፍሳሹ መስመር ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ በር ሆኖ ይዘጋል። ይህ መስመር አየር ማስገቢያ ከሌለው፣ የሚወርደው ውሃ ሲፎኑ ውስጥ ያለውንም ምጎ ይወስደዋል። ቤቱ መሽተት ይጀምራል። "ማጠቢያው ሲፈስ ይንጎራጎራል፣ ሽታም አለ" የሚል ጥያቄ ካያችሁ ስለ አየር ማስገቢያው አስቡ። ቀጫጭን ፍሳሽ ቧንቧ በየጫማው ሩብ ኢንች ዝቅ ማለት እንዳለበትም ያዙ።

ኤሌክትሪክ፦ ብሬከር ማንን ነው የሚጠብቀው?

አብዛኛው ሰው ብሬከር እሱን ከመንዘር የሚያድነው ይመስለዋል። አይደለም። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦ ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል። ሲግል ልባሱ ይቀልጣል፣ ከዚያ እሳት። ብሬከሩ ከዚያ በፊት ይቆርጣል።

ይህ ከገባችሁ ቁጥሮቹ ይቀላሉ። የመዳብ ሽቦ ቁጥር 14 ከሆነ 15 አምፒር፤ ቁጥር 12 ከሆነ 20፤ ቁጥር 10 ከሆነ 30። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፣ ይህ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አሁን ፓነሉን፣ ብሬከሮቹ ያሉበትን ሳጥን፣ ስትከፍቱ ብታዩ በ14 ቁጥር ሽቦ ላይ የ20 አምፒር ብሬከር አለ እንበል። ሽቦው ይግላል፣ ብሬከሩ ግን ገና አልደረሰብኝም ብሎ ይቀመጣል። ይህ የደህንነት ችግር ተብሎ ይጻፋል። የተገላቢጦሹስ? 12 ቁጥር ሽቦ በ15 ብሬከር? ምንም ችግር የለውም። ሽቦው ከሚፈለገው በላይ ወፍራም ነው፣ በቃ። ፈተናው ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ይጠይቃል።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ ጂኤፍሲአይ ይባላል። መታጠቢያ ቤትና ኩሽና ውስጥ ያለው፣ መሃሉ ላይ ሁለት ትናንሽ ቁልፍ ያለው ሶኬት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የወጣውንና የተመለሰውን ኤሌክትሪክ ያወዳድራል። እኩል ካልሆነ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባት በሰው ሰውነት፣ ወደ መሬት ሄዷል ማለት ነው። ወደ 5 ሚሊአምፒር ልዩነት ሲያይ ወዲያው ይቆርጣል። ሥራው ማወዳደር ብቻ ስለሆነ የኧርዝ ሽቦ ባይኖርም ይሰራል። አሮጌ ቤት ውስጥ ኧርዝ የሌለው ሶኬት በጂኤፍሲአይ ቢተካና "ኧርዝ የለውም" የሚል ምልክት ቢለጠፍበት ተቀባይነት ያለው ለዚህ ነው። ይህችን ጥያቄ ብዙ ኤሌክትሪክ ነካ ነካ ያደረጉ ሰዎች ሳይቀሩ ይስቷታል።

ሌላዋ አታላይ የንዑስ ፓነል ጥያቄ ናት። በዋናው ፓነል ላይ ኒውትራል (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) እና ኧርዝ ይገናኛሉ። ከዚያ በታች ባለ ፓነል ላይ ግን መለያየት አለባቸው። ከተገናኙ በኒውትራሉ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ በኧርዙ በኩልም ይሄዳል። ኧርዙ ከፓነሉ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ሰው የሚነካው ብረት ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የተሰራ ቤት ከተጠቀሰላችሁ ስለ አሉሚኒየም ሽቦ አስቡ። ችግሩ ሽቦው መሃል ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከመዳብ ይበልጥ ይዘረጋል፣ ይኮማተራል። በጊዜ ብዛት ብሎኑ ይላላል፣ መጋጠሚያው ይግላል።

የውሃ ማሞቂያው እና እሳቱ

በማሞቂያው ጎን ወይም አናት ላይ አንድ ቫልቭ አለ። ግፊቱ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ወይም ሙቀቱ 210 ፋራናይት ሲደርስ ይከፈታል። ውሃ በተለመደው የአየር ግፊት በ212 ይፈላል። ታንኩ ውስጥ ግን በግፊት ስለተያዘ ከ212 በላይ ሞቆም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ታንኩ ድንገት ቢቀደድ ያ ሁሉ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ይህ ፍንዳታ ነው። ቫልቩ የቆመው ይህ እንዳይሆን ነው።

ስለዚህ ከቫልቩ የሚወርደው ቧንቧ አይደፈንም። መዝጊያ አይገጠምለትም። መጠኑ አይቀንስም። ወደ ላይ አይታጠፍም። ጫፉ ጥርስ አይኖረውም፤ ጥርስ ካለው የሆነ ቀን የሆነ ሰው ጠብታው ሰልችቶት ክዳን ይጠመዝዝበታላ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልግም። "ይህ ውሃ ሳይከለከል መውጣት አለበት" የምትል አንዲት ሐሳብ ትበቃለች።

በጋዝ የሚሰራ ከሆነ ጭሱ መውጣት አለበት። ጭሱ ተመልሶ ቤት ከገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ከጭስ ማውጫው መነሻ አካባቢ የዝገት ወይም የጥላሸት ምልክት ካለ፣ ወይም አጠገቡ ያለው ፕላስቲክ ከቀለጠ፣ ፈተናው የሚጠይቃችሁ ስለ ጭስ መመለስ ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫና የሚወዛወዝ ከሆነ ማቃጠሉ አልተስተካከለም። ለእንጨት ምድጃ ጭስ ማውጫ ሦስት-ሁለት-አሥር የምትል ቀመር አለች። ጣራውን ከሚበሳበት ቢያንስ 3 ጫማ፣ በ10 ጫማ ዙሪያ ካለው ማንኛውም የቤቱ ክፍል ደግሞ 2 ጫማ ከፍ ይላል።

ምክንያታቸው የሰው አካል የሆነ ቁጥሮችም አሉ። እነዚህን መያዝ ግድ ነው። የደረጃ ከፍታ ከ7 ከ3/4 ኢንች አይበልጥም፤ መርገጫው ከ10 ኢንች አያንስም። በበረንዳ መከለያ ዘንጎች መሃል 4 ኢንች ኳስ ማለፍ የለበትም፤ የሕፃን ጭንቅላት ልኬት ነው። የመኝታ ቤት ማምለጫ መስኮት ጠርዙ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ አይሆንም። ሰው መውጣት፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛም መግባት አለበት።

አዋቂ የሚወድቅበት ክፍል

አንድ የማውቀው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቤት ሲሰራ የኖረ ነው። ፈተናውን እንደ ቀልድ አይቶት ገባ። ወደቀ። ቤት ስለማያውቅ አይደለም፤ አብዝቶ ስለሚያውቅ ነው። "ይህን ብታይ ምን ታደርጋለህ?" ሲባል እሱ እንዴት እንደሚጠግነው ያስባል። ፈተናው የሚፈልገው ግን ኢንስፔክተር ምን እንደሚያደርግ ነው።

ፍተሻው በዓይን የሚደረግ ነው። ግድግዳ አይቀደድም። የቤት ዕቃ አይገፋም። የተቆለፈ ክፍል አይሰበርም። የተዘጋ ዋና ቫልቭ ወይም የጠፋ ፓይለት፣ ማለትም የጋዝ ዕቃው ትንሿ ማቀጣጠያ ነበልባል፣ ካለ ኢንስፔክተሩ አያበራም፤ ጠፍቶ እንዳገኘው ይጽፋል። ማየት ያልቻለውንም ለምን እንዳላየ ይጽፋል። ይህ ዳተኝነት አይደለም። ቤቱ ገና የሌላ ሰው ነው፤ የሆነ ነገር ቢበላሽ ተጠያቂ አለ።

የሪፖርት ጥያቄዎች ሦስት ነገር ይፈልጋሉ። ምን አየህ? ምን ያስከትላል? ምን ይደረግ? "ፓነሉ መጥፎ ነው" ሪፖርት አይደለም። "በፓነሉ ላይ ለአንድ ሽቦ በተሰራ ብሬከር ሁለት ሽቦ ገብቷል፤ ሊላላና ሊግል ይችላል፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያስተካክለው" ሪፖርት ነው። ከአራቱ ምርጫ አንዱ ብሎኑን አጥብቅ ይላል። አንዱ ለሻጩ ደውል ይላል። አንዱ የጥገናውን ዋጋ ገምት ይላል። ግቡበትና ውደቁ ማለት ነው።

ሕንጻ ደንብም ሌላ ወጥመድ ነው። ኢንስፔክተር የከተማው ደንብ አስከባሪ አይደለም። በ1950 የተሰራ ቤት የዚያን ጊዜ ደንብ ተከትሎ ሊሆን ይችላል። "ደንብ ጥሷል" ብሎ መጻፍ ከሥራው ድንበር ውጭ ነው። ግን ደረጃው መደገፊያ ከሌለው፣ ደንቡ ያኔ ምንም ቢል፣ ሰው ይወድቃል። ስለዚህ እንደ ደህንነት ጉዳይ ይጻፋል። ሬዶን (ከመሬት የሚወጣ ጨረራማ ጋዝ)፣ አስቤስቶስ፣ ሻጋታ መመርመር በመደበኛው ፍተሻ ውስጥ አይካተትም፤ ለብቻ ውል ይጠይቃል። ከ1978 በፊት በተሰራ ቤት ቀለሙ ሊድ፣ ማለትም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት፣ ሊኖረው እንደሚችል ማወቅ ግን ከእናንተ ይጠበቃል።

የሥነ ምግባሩ ክፍል ቀላል ይመስላል። ደንበኛው የከፈለው ሰው ነው። ሪፖርቱ የሱ ነው። የቤት ደላላው ቢለምን፣ ሻጩ በር ላይ ቆሞ "ምን አገኘህ?" ቢል፣ ያለ ደንበኛው ፈቃድ አይሰጥም። ሥራ ለላከላችሁ ደላላ ኮሚሽን አትከፍሉም። የመረመራችሁትን ቤት ራሳችሁ ለመጠገን አትዋዋሉም፤ የካሊፎርኒያ ሕግ ለምሳሌ ይህን ለ12 ወር ይከለክላል። ጥያቄው ምክንያታዊ የሚመስል ልዩ ሁኔታ ይፈጥራል፦ ደላላው ወዳጅ ነው፣ ሥራው ትንሽ ነው፣ ደንበኛው ቸኩሏል። መልሱ አይቀየርም።

ለእኛ ያለው ተጨማሪ ችግር

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው ከባዱ ነገር የቴክኒክ ቃል አይደለም። እሱን ሸምድዶ ይዞታል። ከባዷ ትንሿ ቃል ናት። "ሞስት ላይክሊ" ካለ ከአራቱ ውስጥ ሁለቱ ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው፤ የሚፈለገው ዋነኛው ነው። "ፈርስት" ካለ ቅደም ተከተል እየጠየቀ ነው። "ኤክሴፕት" ካለ ሦስቱ ትክክል ናቸው፤ የምትፈልጉት ስህተቱን ነው። በችኮላ "ኤክሴፕት"ን የዘለለ ሰው የሚያውቀውን ጥያቄ ይጥላል። እኔ ሳጠና መጀመሪያ የጥያቄውን የመጨረሻ መስመር አነብ ነበር። ምን እንደሚፈለግ ካወቅኩ በኋላ ወደ ታሪኩ እመለሳለሁ። ጊዜም ይቆጥባል።

የዕቃ ስም ላይ ደግሞ ሥዕል ይሻላል። ሶፊት፣ ፋሻ፣ ሲል ፕሌት፣ ሌጀር ቦርድ የሚሉትን በአማርኛ ልተርጉም ብላችሁ አትድከሙ። ፎቶ አይታችሁ ያዙ። ከዚያ መንገድ ላይ ስትሄዱ ቤት እያያችሁ ስም ጥሩ። ሰው ቢያያችሁ አብደዋል ይበል።

የልምምድ ጥያቄ ስትሰሩ ያገኛችሁትን መቶኛ ብቻ አትዩ። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ምክንያት በራሳችሁ ቃል፣ በአማርኛ፣ አንድ መስመር ጻፉ። መጻፍ ካልቻላችሁ አልገባችሁም። ፓነል ለመክፈት ግን አትሞክሩ፤ ሽፋኑ ሲነሳ ውስጡ ያለው ዋናው መስመር ብሬከሩ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አለው።

በፈተናው ቀን ስማችሁ በመታወቂያውና በምዝገባው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የአባት ስም እና የአያት ስም ቦታ የተቀያየረበት ሰው ከበር ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ ሁሉንም ጥያቄ በአንድ ዙር እለፉ። የከበደውን ምልክት አድርጋችሁ ተዉት። አንዳንዴ 140ኛው ጥያቄ ለ30ኛው ፍንጭ ይሰጣል።

ክፍያው በብዙ ስቴቶች ለረጅም ጊዜ 225 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ከወደቃችሁ እንደገና ለመፈተን 30 ቀን መጠበቅና እንደገና መክፈል አለ። የወደቀ ሰው በየትኛው ክፍል እንደደከመ የሚያሳይ ወረቀት ይሰጠዋል። እሱን ሳያዩ መጽሐፉን ከገጽ አንድ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። ያለፈ ሰው ደግሞ ውጤቱን ይዞ ወደ ስቴቱ ማመልከቻ ይሄዳል። ብዙ ስቴቶች የኢንሹራንስ ማስረጃ፣ አንዳንዶቹም የጣት አሻራ ይጠይቃሉ። ያንን ወረቀት ከፈተናው በፊት የጀመረ ሰው ፈቃዱ ቶሎ ይደርሰዋል።